የአባባ ድምፅ ያለበት ኮምፒውተር

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ ዛሬም ከባድ ዕቃ እያነሳህ ታባብሰዋለህ? ልጅህ ሚጣስ አደገች? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። የአባባ የጉሮሮ ቁስል ድኗል፤ ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንዳለው ሄዶ ቀረ።

ትተህልን የሄድከው ኮምፒውተር አልነሳ ብሎን ነበር። ስከፍተው ጥቁር ገጽ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ቀጥ ይላል። ደነገጥኩ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት አባባ ሲጫወቱ የቀረጽነው ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጠጋኙ ደግሞ፣ “ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫንልሽ” አለኝ። እምቢ ብዬ ታቅፌው ተመለስኩ።

መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ፣ ሳቂታዋ የምንላት ልጅ አለች። “ሊኑክስ የሚባል ከዲስክ የሚነሳ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት አውርጂ፤ ‘ሳልጭን ልሞክረው’ የሚለውን ከመረጥሽ፣ የውስጡን ሳይነካ ፋይልሽን ያሳይሻል” አለችኝ። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ማውረዱ ራሱ ምጥ ነበር፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያወረድኩትን ፋይል እንደ ዘፈን ባዶ ዲቪዲ ላይ ገልብጬ ብከተው፣ ኮምፒውተሩ እንዳላየ ዝም! ሳቂታዋ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። “የኔ እመቤት፣ ሻንጣውን እንደተቆለፈ እኮ ነው ያስቀመጥሽው! ኢሜጅ የሚባለው እንዲህ ያለ ፋይል ዲስክ ላይ የሚጻፈው ተፈትቶ ነው” አለችና፣ በራሷ ኮምፒውተር ‘ኢሜጁን በርን አድርግ’ የሚለውን መርጣ፣ ረጋ ባለ ፍጥነት ሌላ ዲስክ ላይ ጻፈችልኝ።

ቤት ገብቼ ዲስኩን ከተትኩና ‘መጀመሪያ ከዲስክ ተነሳ’ ብዬ አዘዝኩት። ማጫወቻው ሲያጓራ እማዬ፣ “ሊፈነዳ ነው!” ብላ ወጣች። ገጹ በራ። የአባባ ድምፅ አንድም ሳይጎድል ተደርድሮ አገኘሁት፤ ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት።

አባባን አጠገቤ አስቀምጬ አንዱን ከፈትኩ። “ያ ልጅ ዛሬም ምሳውን ሳይበላ ወጣ አይደል? ኋላ ሆዴን ይላል!” እያሉ አንተን ይቆጣሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠና፣ እስክሪብቶ አንስተው “ይኼ ሰውዬ ወሬ አያልቅበትም ነበር” ብለው ጻፉልኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ “ልጄ ለምን አይደውልም?” ብለው ጻፉ።

ወንድም ዓለም፣ “ዝም ሲሉኝ ሆዴ ይባባል” ያልከኝን አልረሳሁም። እኔም ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ። ግን እሳቸው መስማት አላቆሙም። አንተ አውራ፤ ስለ ሥራህም፣ ስለ ወገብህም፣ ስለ ሚጣ ተንኮልም። ስልኩን በጣታቸው መታ መታ ሲያደርጉ ከሰማህ፣ እየመለሱልህ ነውና እንዳትዘጋው።

ለባለቤትህ ለእትዬ ከነሙያዋ ሰላም በልልኝ። ጥርሷ የወለቀውን ሚጣን ድዷ ላይ ሳምልኝ። እማዬ ጉንጭህን እያገላበጠች ትስማለች፤ አክስታችንም “ከሳ ወይ?” ማለቷን አልተወችም። የአባባን ሰላምታ እኔ አልጽፍም፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኩን ይዘው ይጠብቁሃል።

እህትህ

ከቤት፣ ከአባባ ወንበር አጠገብ
ሐሙስ፣ የካቲት ፱