ማንም የማይነካው ቤዝ

እኔ ስንሻው ታደገ፣ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ፣ ነዋሪነቴ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ዛሬ እሑድ ግንቦት 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት በመኖሪያ ቤቴ አልጋ ላይ ተደግፌ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የታመመው ጉበቴ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ማረጋገጫ የሚፈልግ ካለ የተደረገብኝን ሁሉ ከነቀኑ ልቆጥርለት እችላለሁ። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ሌላ ኑዛዜ የለም።

ቃሌን የሚጽፉልኝ ጡረተኛው መምህር ማተቤ ናቸው። እንዳያሳምሩልኝ፣ የሌላ ሰው ንግግር ጣልቃ ቢገባ እንኳ እንዳለ እንዲያሰፍሩት አደራ ብያቸዋለሁ። ምስክሮቼ አራት ናቸው፦ ጎረቤቴ ወይዘሮ አሰፋች፣ የቀድሞው ፖሊስ አቶ ፀሐዩ፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ አለነ፤ አራተኛው ለይኩን ነው።

ለይኩን ለምን እንደተጠራ ሁላችሁም ገርሟችኋል። ከእርሱ ጋር ቃል ሳንለዋወጥ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖናል። ነገር ግን መምህር ማተቤ ሕጉን ሲያስረዱኝ፣ በኑዛዜ ላይ ምስክር የሆነ ሰው ከዚያ ኑዛዜ አይወርስም አሉኝ። ልጄን እፀገነትን «ሂጂ፣ ለይኩንን ጥሪው» ያልኋት ያን ጊዜ ነው። ከእኔ ምንም እንደማያገኝ በጆሮው ሰምቶ በገዛ እጁ እንዲፈርምበት ፈለግሁ።

«ሰማህ?» ብዬው «ሰምቻለሁ፣ ስንሻው» ብሏል። ይጻፍ።

አንደኛ። ይህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነግቢው ለእፀገነት ነው። በጤና ጣቢያው ስንት በሽተኛ እያስተናገደች፣ እኔ ጎንደር ሦስት ወር በተኛሁበት ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየወጣች አጥባኛለች። ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልግም።

ሁለተኛ። ሞተር ሳይክሉ ለልጄ ለምስጋና ነው። ሳያስፈቅደኝ ከወሰደው ሁለት ዓመት ስለሆነው መረካከብ አያሻውም። ዛሬም አልመጣም፤ የእርሻ ምንጣሮ ላይ ነኝ ብሎ ደወለ። ቤዝ ጊታሬን «ይህ እንጨት» ብሎ የጠራው ዕለት ግን ከቤዙ ነገር ወጥቷል፤ ወንድ ልጅ ነኝ ብሎ ቢከራከር አይሰማ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዕዳ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም፤ ማንም የእኔ የለበትም። የአንድ ቃል ዕዳ ያለበት ሰው ግን እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

አራተኛ። ትልቁ ጥቁር አምፕሊፋየር የስፒከሩ ወረቀት ስለተቀደደ ለማንም አይጠቅምም፤ ምስጋና ለብረቱ ይውሰደው። አቀዳደዱ ግን ይመዝገብ። በ1984 ዓ.ም. እኔና አብሮ አደጌ ለይኩን ከጎንደር ወርደን መተማ ዮሐንስ አንድ ሆቴል ውስጥ ባንድ አቆምን። እኔ ቤዝ፣ እርሱ ኪቦርድ፤ ዘፋኙና ድራም መቺው ዛሬ በሕይወት የሉም። ስድስት ዓመት ከአንድ ማዕድ በላን። ከወሰን ማዶ የሚመጡት የሱዳን ሾፌሮች ግጥሙ ባይገባቸውም፣ ቤዙ ደረታቸው ውስጥ ሲገባ «ተማም! ተማም!»፣ ግሩም ነው፣ እያሉ ከወንበራቸው ይነሡ ነበር።

በ1990 ለይኩን ራሱ ድራም የሚመታ አዲስ ኪቦርድ ከገዳሪፍ ይዞ መጣ። የሆቴሉ ባለቤት አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ገብቶ አዳመጠና «ለይኩን ግራ እጅ እያለው ቤዝ ምን ያደርግልኛል? ኻላስ፣ በቃ፣ ስንሻው ይረፍ» አለ። ለይኩን አጠገቤ ቆሟል። «ያለ እርሱ አልጫወትም» እንዲል አልጠበቅሁም። «ነውር ነው» ቢል ይበቃኝ ነበር። ዐይኑን ኪቦርዱ ላይ ተክሎ ዝም አለ። በማግስቱ ያንን ኪቦርድ በእኔው አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ የእኔን የቤዝ ዜማ በግራ እጁ ይጫወት ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ስፒከሩን ቀድዶ ላከልኝ። በገዛ ዕቃዬ ከእንጀራዬ አፈናቀለኝ፤ እኔም ዐሥራ ሦስት ዓመት የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ኖርሁ።

እዚህ ላይ ወይዘሮ አሰፋች «ኧረ በእመቤቴ፣ ጋሸ ስንሻው፣ አሁንስ ይተዉት» ብለዋል። አልተወውም። የምተወው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ሰው አልጠራም ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ቤዙ። ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ አራት ክር፣ ጥቁር ቀይ፤ ከአንድ የገዳሪፍ ሙዚቀኛ በሁለት ኩንታል ሰሊጥ የለወጥሁት ነው። እኔ ከሞትሁ በኋላ ክሮቹ ወጥተው በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ማንም አይጫወተው፣ ማንም አይንካው፣ አይሸጥ፣ አይዋስ። እኔን ዝም ካሰኙኝ እርሱም ዝም ይበል።

አሰቃቀሉም እንዲህ ይሁን። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ የከሰዓት ፀሐይ እዚያ እጅ አያስቀምጥም፣ አንገቱም ይጎብጣል። አንገት ከጎበጠ ክሩ ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ይርቃል፤ ሲጫኑት ጣት ያደማል፣ ድምፁም ከቅኝት ይወጣል። ክር ያለበት ቤዝ ከሆነ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሐሩር ሳይጫወቱበት የሚቆዩ እንደሆነ በየመቃኛው ሁለት ሁለት ዙር ማላላት ነው። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፤ ያን ጊዜ አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት ሩብ ዙር ይዞራል፤ ከሩብ ያለፈ እጁ ይቆረጥ።

ክር ሲደነዝዝ አይጣልም። ተፈትቶ ዐሥር ደቂቃ በውሃ ቢቀቀል ላቡና እድፉ ይለቅና ድምፁ ይመለሳል። አዲስ ክር ከካርቱም ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግማሽ ዓመት ይፈጅ በነበረበት ዘመን፣ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ዓለምፀሐይ በሽሮ ድስቷ ትቀቅልልኝ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃት «ለስንሻው እራት እየሠራሁ ነው» ትላለች። እወዳት ነበር። በሕይወቷ ሳለች አልነገርኋትምና ይህም ይጻፍ።

ድምፅ ከዕቃ አይመጣም፣ ከጣት ነው። ቀኝ እጅ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ድምፁ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል፤ ትዝታ የሚጫወቱት እዚያ ነው። ክሩ ወደታሰረበት ወደ ታችኛው ብረት ሲወርድ ይደርቃል፤ ለጭፈራ ይሆናል። ግራ እጅ ፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከፍሬቱ ኋላ ጠጋ ብሎ ይጫናል፤ በጉልበት የሚጫን ጀማሪ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን መምታቱ ሳይሆን ማፈኑ ነው። የመታኸውን ድምፅ መቼ እንደምትገድለው ካላወቅህ ጨፋሪው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። ኪቦርድ ይህን ዕድሜ ልኩን አይማረውም።

እፀገነት፦ «አባየ፣ ማንም ካልነካው ይህ ሁሉ ምክር ለማን ነው?» ብላለች። ጥያቄዋም ይጻፍ።

ስለ ቅባት። በዚህ ቆላ የሰሊጥ ዘይት ለቁስልም፣ ለጠጉርም፣ ለበር ማጠፊያም መድኃኒት ነው። ለይኩን ለቤዝ አንገትም ነው ብሎ ይሟገተኝ ነበር፤ ከደጋ የወረደ ሰው ቆለኛ ልምሰል ሲል ከቆለኛው ይብሳል። የሰሊጥ ዘይት እንጨት ላይ አይደርቅም፤ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ጣት ይይዛል። ስድስት ዓመት ነገርሁት፤ ዞር ስል ይቀባብኝ ነበር። ቤዙ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል እንጂ ምንም አይቀባ።

እዚህ ስንደርስ መምህር ማተቤ የዕቃው መለያ ቁጥር መመዝገብ አለበት አሉ። በየካቲት ታምሜ ስወሰድ ቤዙን እንደተወጠረ ከአልጋዬ ሥር ትቼው ነው የሄድሁት፤ ባለፈው ሳምንት ስመለስም ሣጥኑን የምከፍትበት አቅም አልነበረኝም። አቶ አለነ ጎትተው ከፈቱትና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ሦስት ወር ሐሩር በልቶታልና ጎብጦ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ዐይኔን ጨፍኜ ከጭንቅላቱ ወደ ታች አየሁት፤ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። ክሮቹ ላልተዋል። መቃኛዎቹን እያዞርሁ ቆጠርሁ፤ ሁለት ሁለት ዙር ናቸው። ከዚያ ግራ እጄን በአንገቱ ላይ ሳሳልፍ ጣቴ ተያዘ። አሸተትሁት።

«ማን ነው የነካው?» አልሁ።

እፀገነት፦ «እርስዎ ጎንደር ሳሉ ዓርብ ዓርብ ይመጣ ነበር። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ቢቆጡም ይቆጡ።»

ለይኩን፦ «ሐሩሩ ይሰብረዋል ብየ ነው። አንተ አልነበርህም።»

«የሰሊጥ ዘይት ቀባኸው?»

«ደርቆ ነበር፣ ስንሻው።»

«አይቀባም ብዬ አልነገርሁህም?»

«ነግረኸኛል።» አንገቱን ደፍቶ «ያን ቅዳሜም ፈርቸ ነው ዝም ያልሁት። እኔንም ያባርረኛል ብየ ፈራሁ። ነውር ነበር» አለ።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ዘግይቷል። መዘግየቱ ይጻፍ፤ መናገሩም ይጻፍ።

«መምህር፣ አምስተኛውን ይሰርዙት። ቤዙ ለለይኩን ነው» አልሁ።

መምህር ማተቤ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «አይሆንም፣ አቶ ስንሻው። ምስክር አይወርስም። እንዳይወርስ ብለው በምስክርነት ያስቀመጡት ራስዎ ነዎት» አሉኝ።

«እንግዲያው ከምስክርነቱ ይውጣ።»

ይቅር ብዬው አይደለም። እንደዚያ ብሎ የሚያወራ ካለ ይህን ወረቀት አሳዩት። ነገር ግን በዚህ አገር ሁሉ ያንን ክር ሁለት ዙር ማላላት የሚያስብ ሌላ ሰው የለኝም። ስለዚህ ቤዙ ለለይኩን ተሰጥቷል። እስከ ሙት ዓመቴ ክሩ ላልቶ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ይጫወተው፤ ቤዙ በእጁ እያለም በኪቦርድ ግራ እጅ ቤዝ አይጫወት። የሰሊጥ ዘይት አይቀባው። ከላይ ያዘዝሁት ተፍቆ አይጥፋ፤ መስመር ብቻ ይሰመርበት። ምን ያህል መርሮኝ እንደነበረ ልጆቼ ይወቁት።

ምስክር ስለጎደለ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሷሊህ ተጠርቶ ገባ። መጀመሪያውን ስላልሰማ መምህር ማተቤ ሁሉንም ከላይ ጀምረው አነበቡ። እስኪጨርሱ ድረስ ለይኩን እግርጌዬ ተቀምጦ የቤዙን አንገት በጋቢዬ ጫፍ ሲወለውል ነበር፤ ዘይቱ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ሰው ሁሉ ኑዛዜውን ስርዝ ድልዝ የለበትም ብሎ ይዘጋል። በዚህ ላይ ስርዝ አለ፤ ስርዙ የእኔ ነው።

ተናዛዥ፦ ስንሻው ታደገ፣ ፈርሟል።
ጸሐፊ፦ መምህር ማተቤ፣ ፈርመዋል።
ምስክሮች፦
፩. ወይዘሮ አሰፋች፣ በጣት አሻራ።
፪. አቶ ፀሐዩ፣ ፈርመዋል።
፫. አቶ አለነ፣ ፈርመዋል።
፬. አቶ ሷሊህ፣ ፈርመዋል። በዚህ ቦታ ቀድሞ የተጻፈው የለይኩን ስም ወራሽ ስለሆነ ተሰርዟል።