በሩ አጠገብ የተዘረጋው የድንች ዘር

ቡሬ፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገደፋው፦ በሰው አገር እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልኝ። ሌላው ምርቃት ንዴቴ ሲበርድ ይደርስሃል።

«የድንቹን ዘር ከመትከላችሁ በፊት ቤት ውስጥ ብርሃን ባለበት ዘርግታችሁ አጎንቁሉት» ብለህ ከኪየቭ ጻፍህ። እኔ እንደ ልማዴ ቆጥ ላይ በገለባ ሸፍኜው ነበር። ቃልህን አክብሬ አወረድሁና በሩ አጠገብ ዘረጋሁት። እውነትም ወፍራም ቡቃያ አወጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሲያልፍ አየው። «እትዬ ገላነሽ፣ ለማኅበሩ እርሻ እንዲህ ያለ ዘር ማዘጋጀትዎን ሳይነግሩን?» ብሎ እየሳቀ በአህያ አስጭኖት ሄደ። አንድ ፍሬ አልተወልኝም።

ቆጥ ላይ የምሸፍነው ባለማወቄ መሰለህ? ከሰው ዓይን ልሰውረው ነበር። ትምህርትህ ድንቹን ሲያሳውቅህ አገርህን አስረሳህ። ዝናቡ ገብቶ መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው። እንግዲህ ምክርህን እዚያው ያዘው፤ ደህንነትህን ብቻ ጻፍልኝ። የሰማይ አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ።

እናትህ ገላነሽ

ወንድምዓለም፣ እማ እየነገረችኝ ይህን የጻፍሁት እኔ እህትህ ያይኔአበባ ነኝ። ደብዳቤህን ሳነብላት «በጓሮው መስኮት በኩል፣ ሰው በማያየው ቦታ» የሚለው መስመር ማንበቡ ከብዶኝ ዘልዬው ነበር። እስካሁን አልነገርኋትም፤ ፈራሁ። አንተ ጻፍላት፤ ያን ጊዜ ሳልዘል አነብላታለሁ።