በእጆቼ ላይ የተቀመጥኩበት ሐሙስ

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? አባዬስ፣ በሌሊት የወተት መኪናውን ይዞ ሲወጣ የሠራሁለትን የአንገት ልብስ ያደርጋል ወይስ እንደ ልማዱ ወንበር ላይ ጥሎት ይሄዳል? የአያቴ የኢርማ ጉልበት ደረጃ ለመውጣት እሺ አላት? የኔ ጌታ፣ ወንድሜ ዮረንስ፣ ሳሉ ለቀቀው? በስልክ ነግሬሽ የለ እንዴ እንደምትይ አውቃለሁ። አንቺ ግን በስልክ «ሁላችን ደህና ነን» ብለሽ ዘግተሽ ማልቀስ ልማድሽ ነው፤ በወረቀት ሲሆን መዋሸት አይሆንልሽም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናንተ ናፍቆትና ከዚህ ከኖርዌይ ዝናብ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ደርሶሻል። አደራሽን፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው። ዮረንም እንዳያየው ቁም ሳጥንሽ አናት ላይ አስቀምጪው። ትዕግሥት እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ እኔም ካንቺው ነው የወረስኩት። ቢሆንም ታገሺኝ።

ኑሮሽን ጻፊልኝ ብለሽኝ ነበር፤ ይኸውልሽ። ጠዋት ስወጣ ጨለማ ነው፣ ስመለስም ጨለማ ነው፤ በመሃል ለምሳ የምትበቃ ብርሃን ብልጭ ትላለች። የማስተማር ልምምዴን የምሠራበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር በካልሲ ነው የሚንጎራደደው። ገና የመጣሁ ሰሞን አውራ ጣቴ በካልሲዬ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ኖሮ፣ ሲንድሬ የሚባል የሁለተኛ ክፍል ወሬኛ «ሊሰሎት፣ ጣትሽም ሊማር መጣ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። አዎ፣ ሊሰሎት ነው የሚሉኝ። መምህርት ብሎ ነገር እዚህ የለም፤ አያቴ ብትሰማ አገሩን ጥላ ትወጣ ነበር። ምሳ ሁሉም ከቤቱ በሳጥን ቋጥሮ የሚያመጣው ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። ላዩ ላይ ሳሙና የሚመስል ቡናማ አይብ ይደረጋል። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምውጠው፤ አሁን ከቦርሳዬ ከጠፋ ቀኑን ሙሉ እነጫነጫለሁ። ቋንቋቸውን ኮሌጅ ሁለት ዓመት መማሬ በጀኝ፤ ልጆቹ እየተሻሙ ሲያወሩ ግን አሁንም ግማሹ ያመልጠኛል።

ሐሙስ ሐሙስ ክፍል ውስጥ መግባት የለም። ዝናብ ይዝነብ በረዶ ይውረድ፣ ሁሉም የዝናብ ልብሱን ለብሶ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጫካ ይገባል። እዚያ ቅጠል ይለቀማል፣ ጠጠር ይደመራል፣ እሳት ይነድዳል፣ ቋሊማ ይጠበሳል። የኔም ጉድ የፈላው በዚሁ ሐሙስ ነው።

ጉዱን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውስሽ። ባለፈው ዓመት እዚያው አገራችን የማስተማር ልምምዴን ስወድቅ እንባዬን የጠረግሽልኝ አንቺ ነሽ። ልጆቹ ራሳቸው የሚችሉትን ሁሉ ቀድማ ትሠራላቸዋለች ብለው ነው የጣሉኝ። ሁለተኛ ከወደቅኩ ኮሌጁ በቃሽ ይለኛል፤ መምህርት የመሆን ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ስነሣ ሻማ አብሪልኝ ያልኩሽም ለዚህ ነበር። እዚህ ዕጣዬን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ አንደኛዋ ክፍሉን የምትመራው ቶርቢዮርግ፣ ሁለተኛው በመጨረሻ ከኮሌጅ የሚመጣ ገምጋሚ። ቶርቢዮርግ ጡረታዋ የቀረበ፣ ሹራብ እየሠራች የምታዳምጥሽ ሴት ናት። ስታወሪ «እህ» እንኳ አትልሽም፤ ሰምታሽ እንደሆነ የምታውቂው በማግስቱ ነው።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ ጫካ የገባሁበት የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ቶርቢዮርግ እሱን ይዛ ከኋላ ቀረች፤ እኔ ከቀሩት ጋር ቀድሜ እሳቱ ቦታ ደረስኩ። ልጆቹ ግንዶቹ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ሁሉም ከየሰገባው ቢላዋ መዘዘ። የሰባት ዓመት ልጆች፣ እማዬ! ክው አልኩልሽ። ያ ያንቺ «ተው! ይቆርጥሃል!» የሚለው ጩኸት ከጆሮዬ ሥር ተሰማኝ። ማን ፈቀደላችሁ ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ እሳቱ አጠገብ የነበረውን ድስት አንሥቼ እየዞርኩ ሁላችሁም እዚህ ውስጥ ጨምሩ አልኩ። የተከራከረ የለም። ቢላዋዎቹ ኳ፣ ኳ እያሉ ድስቱ ውስጥ ገቡ።

የመጨረሻዋ ራንሂል ነበረች። ቀያይ ጉንጭ ያላት ዝምተኛ ልጅ ናት። በኋላ እንደሰማሁት እዚህ ቢላዋ እንዲያው አይሰጥም፤ ልጁ ክፍሉ ፊት ይፈተናል። ቁጭ ብለሽ ትቀርጫለሽ፣ ስለቱ ካንቺ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ክንድሽ በሚደርስበት ሰው አይኖርም፣ ከመነሣትሽ በፊት ቢላዋው ሰገባው ይገባል። ራንሂል ስለቱን እንደያዘች እየተነሣች፣ እኔ ሳልመጣ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ ያለፈችው ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ነበር፤ እኔ ያን ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ቤት ነበርኩ። ቢላዋዋንም አያቷ ናቸው ስታልፍ ብለው የሠሩላት። ድስቱ ውስጥ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋሽም አልኳት።

«ታዲያ ለምን ወሰድሽብኝ?»

ዘወር ብዬ እሳቱን መቆስቆስ ጀመርኩ።

ቶርቢዮርግ ደርሳ ድስቱን አየች።  ቢላዋ ስለታጣ ቋሊማው ባልሾለ እንጨት ተወግቶ ግማሹ አመድ ውስጥ ወደቀ፤ ሲንድሬ የዛሬው ቋሊማ በአመድ ነው የሚበላው እያለ ሲያፌዝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትምህርት ሲያበቃ መምህራን ክፍል አስቀመጠችኝና፣ ዓይኗን ከሹራቧ ሳታነሣ፣ ጥፋት ሳይኖር ቅጣት ዛሬ አየሁ አለችኝ። እኔ ቢቆረጡስ ብዬ ነው ብዬ ተንተባተብኩ። አንዳንዴ ይቆረጣሉ፣ ፕላስተር አለን አለች። ከዚያ ሹራቧን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ሊሰሎት፣ እጅሽ ከዓይንሽ ይቀድማል። ልጆቹን ከማስተማርሽ በፊት እጅሽን አስተምሪው።»

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ በንዴት ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የምትይውን ተረት እየጠቀስኩ ብቻዬን ከቶርቢዮርግ ጋር ስሟገት አመሸሁ። በኋላ ግን ዮረን ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። ልቡን ቀዶ ጥገና ያደረገ ጊዜ እኔና አንቺ እጅ እግሩ ሆንን፤ ጫማውን አሰርንለት፣ ሥጋውን ቆረጥንለት፣ ብስክሌቱን ጋራዥ ውስጥ ሰቀልንበት። ያኔ ያስፈልገው ነበር፤ እሰይ፣ አበጀን። አሁን ስምንት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ እንደ ማንኛውም ልጅ ይሩጥ ካለ ሁለት ክረምት አለፈ፤ እኛ ግን ዛሬም ጫማውን እያሰርንለት ነው። አንቺን ልወቅስሽ አይደለም እማዬ። ሌሊት እየተነሣሽ አፍንጫው ላይ እጅሽን እያስጠጋሽ መተንፈሱን የምታረጋግጪውን ሴት ማን አፍ አለኝ ብሎ ይወቅሳል? እኔም እኮ አብሬሽ ነበርኩ። ፍርሃቱ በሁለታችንም እጅ ውስጥ ቀርቷል ልልሽ ነው።

የባሰው የራንሂል ነገር ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁሉም ቢላዋውን ሲያወጣ እሷ ባዶ እጇን ተቀመጠች። የት አለ ስላት፣ ቤት ትቼዋለሁ፣ እዚያ ማንም አይወስድብኝም አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሺ አለች፣ ግን እሺታዋ ለእንግዳ የሚባል ዓይነት እሺታ ነበር።

ቶርቢዮርግ ይህን ሁሉ ሰምታለች ለካ። ወዲያው አጨብጭባ ልጆቹን ሰበሰበችና ዛሬ የምትፈተነዋ ሊሰሎት ናት፣ ፈታኟ ደግሞ ራንሂል አለች። እርጥብ ግንድ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ቢላዋ ተውሼ እንጨት መላግ ጀመርኩ። ስለቱን ወደ ውጭ፣ እሺ። ክንዴ የሚደርስበት ሰው የለም፣ እሺ። ጥሩ ሠራሁ ብዬ እንጨቱን ላሳያቸው ብድግ ስል፣ ስለቱ በእጄ ነው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ወደቅሽ!» አሉ። አውራ ጣቴንም ሸርክቶኝ ኖሮ፣ ሲንድሬ እንደ ሐኪም ተኮፍሶ ፕላስተር ለጠፈልኝ። ራንሂል አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እኔም ሁለቴ ወድቄያለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አይዞሽ።»

በሳምንቱ ራንሂል ቢላዋዋን ይዛ መጣች። እኔም በሳምንቱ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ቅቤ መቀቢያ እየቀረጽን ነው የከረምነው፤ እዚህ አገር ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀባበትን ከእንጨት ነው የሚሠሩት። የኔ አንገቱ ጠመመ። ልጆቹም አንድ በአንድ እየመጡ በጣም አዘኑልኝ።

ገምጋሚው የመጣው ከትናንት በስቲያ፣ ሐሙስ ነው። ኦድቫር ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከቶርቢዮርግም የባሰ ዝምተኛ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከፔርሙዙ ቡና እየቀዳ ያየኛል። ራንሂል ከፊቴ ነበረች። የመቀቢያዋን አንገት እየቀረጸች ሳለ ስለቱ እንጨቱ ቋጠሮ ላይ ተቀረቀረ። አሁንም ገፋችው፣ እንቢ አለ፤ ጥርሷን ነክሳ ባላት ኃይል ልትገፋው ስትል አየሁ፣ አውራ ጣቷ ከስለቱ ፊት ነው። ጉልበቴ ብድግ አለ እማዬ። እጄ ቢላዋውን ሊነጥቃት ተዘረጋ። ያችን ድስት አስታወስኩ፤ ቁጭ አልኩና ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው።

«ራንሂል» አልኳት። «አውራ ጣትሽ የት ነው?»

መግፋቷን አቆመች። ጣቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ጣቷን ሰብስባ እንጨቱን አዞረችና ከወዲያ በኩል ቀስ እያደረገች ቋጠሮውን አነሣችው። ቢላዋዋን ሰገባው ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ ነው ተነሥታ መቀቢያዋን ያሳየችኝ። እኔ ገና እጆቼ ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ፤ በቅዝቃዜው ደንዝዘው ማውጣትም አቅቶኝ ነበር።

ስንመለስ ኦድቫር አጠገቤ መጥቶ ለምን እጅሽ ላይ ተቀመጥሽ አለኝ። ባልቀመጥባቸው ይቀድሙኝ ነበር አልኩት። «መጥፎ አይደለም» አለኝ። እዚህ አገር ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ቶርቢዮርግ ከኋላ ሆና ትከሻዬን ስትነካኝ ገባኝ። አልፌያለሁ እማዬ! ልጅሽ መምህርት ልትሆን ነው። ጫካው ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ደግነቱ ዝናብ ነበርና ማንም አላወቀብኝም። ሻማዋ ሠርታለች፤ አሁን የምስጋናዋን ደግሞ አብሪልኝ።

አሁን ጥቅሉን መፍታት ትችያለሽ። ጠማማው መቀቢያ ያንቺ ነው፤ የእጄ ሥራ ነውና እንዳትስቂበት፣ ከሳቅሽም ቅቤ እየቀባሽበት ሳቂ። በጨርቅ የተጠቀለለው ሌላው የዮረን ነው። አዎ፣ ቢላዋ ነው። ደርቀሽ አትቅሪ፣ አንዴ ስሚኝ። ትናንት ራንሂል ወንድም አለሽ ወይ አለችኝ፣ አለኝ አልኳት። ዕድሜው ስንት ነው አለችኝ፣ ስምንት አልኳት። ታዲያ ቢላዋው ምን ዓይነት ነው አለችኝ። የለውም አልኳት። ግንባሯን ቋጥራ ትንሽ አሰበችና፦

«ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ።

 ዛሬ ጠዋት በአያቷ እጅ የተሠራውን ይህን ቢላዋ ቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች፤ ለወንድምሽ ስጪው፣ ግን መጀመሪያ ይፈተን አለች። ውሳኔው ያንቺ ነው እማዬ። ቁም ሳጥን ላይ ይቆይ ካልሽ ይቆያል፣ ቅር አይለኝም። ለገና ስመጣ ግን እሺ ካልሽ፣ ጓሮ አግዳሚው ላይ በመሃላችን እናስቀምጠው። እኔ በእጆቼ ላይ እቀመጣለሁ፤ ለምጄዋለሁ። አንቺንም እጆችሽ ካስቸገሩሽ፣ አንዱን እጄን አውጥቼ እይዝልሻለሁ።

አባዬን አጥብቀሽ ሳሚልኝ፤ የአንገት ልብሱን ካላደረገ ሌላ ስለማልሠራለት ይወቀው። አያቴን ኢርማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ እዚህም አስተማሪ ያለ ማዕረግ ተከብሮ እንደሚኖር ንገሪያት፤ ባታምንሽም ንገሪያት። ጎረቤታችንን ክሎቲልድን እንደ እኔ ሆነሽ ሰላም በይልኝ፣ ውሻዋንም ዳብሺልኝ። ዮረንን ግንባሩን ሳሚልኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ጫማውን ራሱ ይሰር፤ የፈለገውን ያህል ይቆይ፣ አንቺ በር ላይ ሆነሽ ጠብቂው።

ልጅሽ ሊሰሎት

ሃውግስዳል፣ ኖርዌይ
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2023