ዳገቱ ላይ የምትጠፋው ቀዮ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2፡10

ማስታወሻዬ፣ ሞተር ብስክሌቴ ቀዮ ደግሞ ጠፋች። እዚያው ቦታ! ከላንቴ መንደር በላይ ዳገቱ ሲጋመስ፣ ከጋሽ ዶልቃ ቤት በታች ያለው ኩርባ ላይ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጸጥ።

የምጽፍልህ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ሄልሜቴ ጭኔ ላይ ነው፣ ከታች አባያ ሐይቅ ተዘርግቷል። የመጀመሪያው ክ/ጊዜ የኔ ነው፤ 8ኛ ሀ፣ ሳይንስ። ኦቾሎ ት/ቤት ለመድረስ ገና ሩብ ሰዓት ይቀረኛል። ልጆቹ ይህን ጊዜ መስኮት ላይ ተሰቅለዋል።

ጋሽ ዶልቃ የሸማ ሥራቸውን አቋርጠው ውኃ በጣሳ ይዘውልኝ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሸማኔ፣ ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩም አማርኛ አፍ መፍቻቸው ስላልሆነ እኔን ሴቷን «አንተ» ነው የሚሉኝ፤ ለምጄዋለሁ። ጠጣሁ። ረገጥኳት። ተነሣች! ምንም እንዳልተፈጠረ። እሄዳለሁ፣ ቻው።

እዚያው ቀን። 11፡30

25 ደቂቃ አረፈድኩ። ር/መምህሩ አስጠሩኝ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ቀን ቆረጡልኝ። እስከ ኅዳር 22 በሰዓቴ መግባት ካልጀመርኩ ወይ ት/ቤቱ ግቢ ያለው የመምህራን ቤት እገባለሁ፣ ወይ ክፍሌን ለሌላ አስረክባለሁ።

እዚያ ብገባ እማዬ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ብቻዋን ትቀራለች። አባዬ ከሞተ ወዲህ ከኔ ሌላ ሰው የላትም፤ ጉልበቷም አልታዘዝ ካላት ቆየ። ከጎጃም ለማስተማር መጥታ ስንቱን የአርባ ምንጭ ልጅ ፊደል አስቆጥራለች፣ አሁን ሱቅ እንኳ የሚላክላት የለም። ቀዮን የገዛኋት ለዚህ ነው። ቀን ዳገት ላይ ላስተምር፣ ማታ ከእማዬ ጋር ራት ልበላ። አራት ወሯ ነው! ዋስትናዋ አላለቀም! አዲስ ሞተር እንዴት አንድ ኩርባ ትፈራለች?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 10፡45

ሲቀላ፣ ታችኛው ሰፈር፣ ቀዮን የገዛሁበት መደብር። ለአራተኛ ጊዜ። ነገሩን ታውቀዋለህ። መካኒኩ ኤልያስ ፈገግ ብሎ ይቀበለኛል፣ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚን ያያል፣ ካንዴላ ይፈታል፣ ይነፋል፣ ያስራል። ከዚያ እስከ አደባባዩ ነድቶ ይመለሳል። ምንም የላትም። የዋስትናው ደብተር ላይ «ተፈትኗል» የሚል ማኅተም። ባለፈው ጥፋቱ የቤንዚኑ ነበር፣ ከዚያ በፊት የአቧራው። ዛሬ የኔ ሆነ፤ ማርሽ በጊዜ አትቀይሪም መሰለኝ አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። አራት ወር ሙሉ ዳገት የወጣሁት በጸሎት ነው እንዴ!

ግን ስማኝ። ዛሬ ካርቡሬተሩን ሙሉ በሙሉ አወረደው። አጠበው። ሲያስነሣት ድምፅዋ ሌላ ሆነ፤ ጥርት ያለ። ከሲቀላ ሴቻ ያለውን ዳገት እየዘፈንኩ ነው የወጣሁት። ባጃጆቹን ሁሉ አለፍኳቸው። አንዱ ሹፌር አጨበጨበልኝ። ዳነች! ይኸው ዳነች! ለእማዬ ከበሩ ጀምሬ ጮኼ ነገርኳት። እሷም እልል አለች፣ ጎረቤት ያገባሁ መስሎት ብቅ አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 2፡05

ኩርባው። ድንጋዩ። ጋሽ ዶልቃና ጣሳው።

አልጽፍም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 9፡00

ሚካኤል። ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ስለሆነ ከተማው በጭስ ታፍኗል። የኔም ራስ እየጨሰ ነው።

ከት/ቤት ቀጥታ መደብሩ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጣ። ብልሽቱን እዚሁ አሳዪን አለኝ፤ ያላየነውን አንጠግንም። እሺ! ሄልሜቴን አጠለቅሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲቀላን ዞርኳት። ከአደባባይ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ገበያ፣ እንደገና። ጥፊ እያልኩ ለመንኳት። ምን ትጠፋለች! እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙና ትሄዳለች። ስመለስ ሠራተኛው በሙሉ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ኤልያስ ማኅተሙን አነሣ። አምስተኛ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ሌባ አልኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳትፈትሽ የምታትም ሌባ።

ፈገግታው ጠፋ። ደብተሩን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ግን ትክክል ነኝ! አይደለሁም? ለዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ የኤልያስ ስም አራት ቦታ አለበት። ሰኞ እልካለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 12፡20

ደብዳቤው አልሄደም፤ ትናንት ፖስታ ቤት ስደርስ ተዘግቶ ነበር። ዛሬም አላስገባሁትም። ለምን እንደሆነ ስማ።

ጠዋት ኩርባው ላይ ስትጠፋ ጋሽ ዶልቃ መጡ። ዛሬ ውኃ የለም። ኤልያስ የእኅታቸው ልጅ ነው! እነዚህን ሁሉ ሳምንታት ውኃቸውን እየጠጣሁ አላወቅሁም። ስድቡ ኦቾሎ ድረስ ወጥቷል። አልተቆጡኝም። በሁለት ሰው መካከል እንዲህ ያለ ነገር እየዋለ አያድርም አሉ። ቅዳሜ ሁለታችሁም ዱቡሻ ትመጣላችሁ። ዱቡሻ የመንደሩ ሰው የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው፤ የተጣላ ሁሉ እዚያ ይነጋገራል። የጸብ ነገር ብቻም አይደለም አሉኝ። አንድ ነገር እንዲህ ደጋግሞ ካስቸገረ የተደበቀ ጥፋት አለ ማለት ነው፤ እነሱ ጎሜ ይሉታል። እስኪነገር ድረስ አይለቅም።

ካርቡሬተር በዱቡሻ ሊጠገን! እየሳቅሁ ክፍል ገባሁ። በሩ ላይ ግን ኪሴን ዳሰስኩ።

ቤት ስገባ እማዬ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ብርድ ልብሴን ታጥፋለች። ሻንጣዬ ተከፍቷል። ላይኛው አገር ይበርዳል፣ ወፍራሙን ይዘሽ ሂጂ አለችኝ። እኔ እንደሆንኩ ከሬዲዮው ጋር እጫወታለሁ አለች። ምንም እንዳልመሰላት። ብርድ ልብሱን ሦስት ጊዜ አጥፋ ሦስት ጊዜ ዘረጋችው።

አልሄድም! ትሰማለህ? አልሄድም!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። 11፡00

ከየት ልጀምር።

ኤልያስ ዕረፍቱ ነበር። ወደ ዱቡሻ የሚሄድበት መኪና ስላጣ ከኋላዬ አፈናጠጥኩት። በሙዙ እርሻ መካከል ስናልፍ በልቤ ጥፊ፣ ዛሬ ብቻ በሰዓትሽ ጥፊ እላታለሁ። ኩርባው ላይ አሳለች፣ ጸጥ! ይኸው! እይ! ብዬ ዘለልኩ። ኤልያስም ዘሎ ወረደ፣ ዐይኑ በራ። ገመዱን ነካካ፣ ካንዴላውን አየ። ወደ ቤንዚኑ ክዳን ሲዞር እኔ ቀደምኩት። ቁልፉን ከትቼ ከፈትኩ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ቤንዚን ሞልቷል አልኩት። ረገጣት። ተነሣች። ግራ ገብቶት ቆመ። ጋሽ ዶልቃ ከደጃቸው ያዩናል።

ዱቡሻው ድንጋይ የተደረደረበት ሜዳ ነው። ስድስት ሽማግሌዎች፣ ሣሩ ገና እርጥብ። ከሳሽ ቀድሞ ይናገራል ብዬ አምስቱን ማኅተም ይዤ ብድግ አልኩ። ጋሽ ዶልቃ በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«እዚህ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው የራሱን ነው» አሉኝ። «የሱን እሱ ይናገራል። አንተ ምን ደበቅክ?»

ስድስት ሰው አይቸኩልም። አንዱም አልገፋፋኝም።

ማስታወሻዬ፣ አንተንም ደብቄሃለሁ። ይቅር በለኝ።

ቀዮን የገዛኋት ዕለት ማታ እማዬ ፌስታል በመቀስ ከብባ ቆርጣ ከቤንዚን ክዳኗ ሥር አለበሰችው። ዘይት ጠርሙሱን፣ በርበሬ ዕቃውን፣ ሁሉን እንደምታደርገው። ለቤንዚን በዚያ ሰልፍ ውለሽ፣ በዚህ በአርባ ምንጭ ሙቀት ይተናል አለች። መለዋወጫ ቁልፉም እሷ ጋ ነው፣ በየጊዜው ታድሰዋለች። የዋስትናው ደብተር ግን ባለቤቱ አንዳች ነገር ከጨመረ ዋስትናው ይፈርሳል ይላል። ስለዚህ መደብሩ ከመድረሴ በፊት አወጣዋለሁ። ወደ ቤት ስቃረብ፣ እማዬ እንዳይከፋት፣ መልሼ አደርገዋለሁ። ኩርባው ላይ ስትጠፋም የማውቀው ሰው ክዳኑን ከፍቶ እንዳያየው ቶሎ አወጣዋለሁ። ከመጥፋቷ ጋር ይገናኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ሳይንስ መምህርት!

እጄን ኪሴ ከተትኩ። አወጣሁት። ሰማያዊ ፌስታል፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት። ሜዳው መሐል ዘረጋሁት።

ኤልያስ አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ክዳኗ በቀጭን ቀዳዳ አየር ያስገባል አለ። ቀዳዳው ከታፈነ ቤንዚኑ እየወረደ ሄዶ ይቆማል፣ በተለይ ዳገት ላይ ብዙ ስትጠጣ። ክዳኑ ሲከፈት አየር ይገባል፣ ትነሣለች። በቃ! አራት ወር! ሲቀላን አንድ ሰዓት ተኩል የዞርኳት ፌስታሉን ኪሴ ይዤ ነው!

ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ ሁለቱም መጡ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ወደ ኤልያስ ዞሩ። ተራው የሱ ነበር።

ቆመ። «እስከ አደባባዩ ብቻ ነው የነዳኋት» አለ። «አራቱንም ጊዜ፤ በአምስተኛው ጭራሽ አልነዳኋትም። ለመፈተሻ ቤንዚን አይሰጡንም። ማኅተሙን ግን እኔ ነኝ የመታሁት።»

አንድ ጊዜ እንኳ ዳገቱን ቢወጣት እሱ ጋ እንደማትጠፋ አይቶ ይጠይቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ባልደብቅ ያውቀው ነበር። ሌባ ያልኩትን ቃል ከመቀመጫዬ ተነሥቼ መልሼ ወሰድኩ። ሣር ነጭተው በእጃችን አስያዙን፤ ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚያነሣው ጥፋቱ የራሱ ነው ተባለ። ጋሽ ዶልቃ ቤት አፍ የሚለበልብ የበርበሬ ቆጭቆጫ ያለበት ምሳ በላን። እኔም ያንን ሦስት ገጽ ቀደድኩት።

ስንመለስ ኤልያስ ነዳ፣ እኔ ከኋላ። ታች ደርሶ ዞረና ዳገቱን እንደገና ወጣ። ሦስት ጊዜ። አልጠፋችም! አልጠፋችም! አልጠፋችም!

ሰኞ፣ ኅዳር 22። 8፡15

ዛሬ ቀነ ገደቡ ነበር። ደወሉ ከመደወሉ 18 ደቂቃ በፊት ገባሁ። ር/መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ ቀዮን አዩ፣ የመምህራኑን ቤት ቁልፍ መልሰው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። 8ኛ ሀ ክዳን፣ ቀዳዳና የአየር ግፊት ተማሩ፤ ጠርሙስ ይዤ ገብቼ ነበር። እንደ ዛሬ አስተምሬ አላውቅም።

ለእማዬ አልሄድም አልኳት። ሻንጣውን ራሷ አልጋ ሥር ገፋችው። ሚካኤል ሰማኝ አለች። ምኑ እንደተበላሸ ስትጠይቀኝ አንዲት ቀዳዳ ነች አልኩ፣ ወዲያው ወሬ ለወጥኩ።

ልንገርህ ካልኩ አልቀረ፦ ጠዋት ከሰፈር ስወጣ የሚካኤልን መታጠፊያ አልፌ ቆሜ ነበር። ክዳኑን ስከፍት አዲስ ፌስታል ነበረ። አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ጠዋት 12፡05

በመስኮት አያታለሁ። ጉልበቷን በአንድ እጇ ደግፋ የበረንዳውን ሦስት ደረጃ ወረደች፤ አንዱን ወርዳ ታርፋለች፣ ሌላውን ወርዳ ታርፋለች። መቀሷ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ታስሯል። ቀዮ ጋ ደረሰች። በመለዋወጫ ቁልፏ ከፈተች፣ ፌስታሉን አለበሰች፣ ጠበቅ አድርጋ ዘጋች። መዳፏን ክዳኑ ላይ ትንሽ አቆየችው።

ስንት ሰው ነው ለኔ በየጠዋቱ እንዲህ ደረጃ የሚወርድልኝ? ስነግራት ምን ትሆናለች? አራት ወር ሙሉ ዳገት ላይ ያቆመችኝ እሷ መሆኗን ስትሰማ? ዝም ብል ማንም አይጎዳም። ታድርግ፣ ላውጣ። በየቀኑ። ዕድሜ ልክ ከእማዬ እየደበቅሁ፣ ከእማዬ ጋር ልኑር ብዬ።

አይሆንም። ወሰንኩ። ደረጃው ላይ አጠገቧ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የራሴን እናገራለሁ፤ ሰው መሳደቤን፣ መደበቄን፣ ትናንትም መደበቄን። ከዚያ እጇን ይዤ ቀዳዳውን አሳያታለሁ። መምህርት ነች፣ ይገባታል። ታለቅስ ይሆናል፣ ትስቅ ይሆናል…

ቀና ብላ አየችኝ። ነይ፣ ተዘጋጅታልሻለች እያለች በእጇ ትጠራኛለች። እስክሪብቶውን ላስቀምጥና ልንገራት።