የኋላው ሞላ

ካልጋሪ፣ ነሐሴ 1998 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህታችን ለምሥራች፤ የጌታ ሰላም ቶሮንቶ ድረስ መጥቶ ቤትሽን ይሙላው። እኛ በጸጋው አለን።

እህትሽ ቆንጅት እሑድ እሑድ ከሰፈራችን ከኤሪን ውድስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው አሁንም ከኋላዬ በሞተሬ ተፈናጥጣ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጎረምሶች «ጋሼ በድሉ፣ ለባለቤትዎ መኪና ይግዙላቸው እንጂ!» እያሉ ይሥቁብኛል። አልገዛም። መካኒኩ ሁሉ ለነዳጅ ሥራ ወደ ሰሜን ስለሄደ፣ የጥገና መመሪያውን እያነበብኩ ሞተሩን ራሴ አስተካክላለሁ። ለእሷ የጀርባ መደገፊያ ሠራሁላት። ወንበሩ አጥንቴን ወጋኝ ስላለችም ወፍራም ስፖንጅ ጨመርኩበት።

ከወንበሩ ሥር ያለው የኋላው ሞላ፣ ያ ጥምዝ ብረት፣ የሚስተካከለው በሚፈናጠጠው ሰው ክብደት ነው፤ ለከባድ ይጠብቃል፣ ለቀላል ይላላል። በግንቦት በእሷ ልክ አጥብቄው ነበር። በሐምሌ ጉድጓዱ ሁሉ ያነጥራት ጀመር፤ አላላሁት። ትናንትም እንደገና አላላሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ፍራሽ ላይ ያለሁ መሰለኝ» ብላ ሣቀች። ደስ አለኝ። ሞላው ግን ከዚህ በላይ አይላላም።

በረዶው ሳይጥል ብቅ ብትይ መልካም ነው። አንቺ የሠራሽውን ምግብ እምቢ ብላ አታውቅም። መኪና ተውሼ አውሮፕላን ማረፊያ እጠብቅሻለሁ።

መንገድሽን ጌታ ያቅናልሽ።

ወንድምሽ በድሉ