ስለ ቁጥር 27 ድርብ ስፌትና ስለሚገባው የሦስት ዓመት ውል

ለነጭ ዝይዎች የበረዶ ሆኪ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ኪት ሮውንትሪ
ሬድ ዊሎው፣ ሳስካችዋን

ቀን፦ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

አመልካች፦ ወ/ሮ ኦሪሲያ ባብዩክ፣ የክለቡ ማሊያ ሰፊ
አድራሻ፦ ከእህል ጎተራው ፊት ለፊት ያለው ልብስ ስፌት ቤት

ጉዳዩ፦ ቁጥር 27 የሚለብሰው የአራተኛው ምድብ ተጫዋች ሬጃን ኮርቤይ ማርች 5 ቀን ዝውውር ከመዘጋቱ በፊት እንዳይሸጥና፣ ደመወዙ ቀንሶ የውሉ ዘመን ግን ወደ ሦስት ዓመት ከፍ እንዲልለት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት የክለቡን ተጫዋቾች ስም በማሊያቸው ጀርባ ላይ ስሰፋ ኖሬአለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ሥራ አስኪያጆችና ሰባት አሠልጣኞች ተቀያይረዋል፤ የስፌት መኪናዬ ግን ያችው ናት። የማንንም ስም አሳስቼ አላውቅም። አምና ከፊንላንድ የመጣው ልጅ አሥራ አምስት ፊደል ስም ይዞ ሲመጣ እንኳ ከትከሻ እስከ ትከሻ አጠማዝዤ አስገብቼለታለሁ። ይህን የምጠቅሰው ለመኩራራት አይደለም፤ ኋላ ላይ ስለ አንድ ስፌት ስለማወራ፣ የሚያወራው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

2. ክቡርነትዎ የዛሬ አምስት ዓመት ወደዚህ ሲመጡ ቡድኑ በአዲስ መልክ ሊገነባ መሆኑን ለሕዝብ አስታወቁ። በዚያው ሰሞን ከቢሮዎ አንድ ገጽ ማስታወሻ ደረሰኝ። ረጅም ውል ያለው ተጫዋች ስሙ በድርብ ስፌት ይሰፋ፤ የአንድ ዓመት ውል ያለው ደግሞ በነጠላ ይሰፋ፣ በማርች ሲሸጥ ቶሎ እንዲፈታ፤ ይላል። ትእዛዙን አክብሬ ሠርቻለሁ። ያልታሰበበት ነገር ቢኖር ተጫዋቾቹ ዓይን ያላቸው መሆኑ ነው። ዛሬ በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ማሊያውን ገልብጦ ስፌቱን የማያይ የለም። በረኛው የአምስት ዓመት ውል እንደተዘጋጀለት ያወቀው ከወኪሉ ቀድሞ ነው። ወኪሉ በደስታ ሲደውልለት፣ «ድሮ ሰማሁ፤ ወይዘሮ ኦሪሲያ ነግረውኛል» አለው አሉ። እኔ እኮ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም!

3. የአራተኛው ምድብ ተጫዋች ማለት በአንድ ጨዋታ ስምንት ደቂቃ ቢገባ ነው። ጎል አግባ አይባልም፤ ሌላው የሚሸሸውን ያን እንደ ድንጋይ የጠነከረ የጎማ ፓክ በጉልበቱና በጎድኑ እንዲያቆም ነው የሚፈለገው። በእነዚህ አምስት የግንባታ ዓመታት ለዚህ ምድብ ብቻ አርባ አንድ ስም ሰፍቼ ሠላሳ ስምንቱን ፈትቻለሁ። ቁጥር 27ን ብቻ ስድስት ሰው ለብሶታል። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የላሞቹን በረት በሁለት በጋ ገንብቶ ጨርሷል፤ ጣራም ነበረው። ይህን ያልኩት ክቡርነትዎን ለመንካት ሳይሆን ለንጽጽር ያህል ነው።

4. ሬጃን ኮርቤይ ከኒው ብራንስዊክ የባሕር ዳርቻ፣ ከዓሣ አጥማጆች ቤት የወጣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ክለብ አዳርሷል፤ ሁሉም የአንድ አንድ ዓመት ውል እየሰጡ ነው የሸኙት። ከፊት ሁለት ጥርስ የለውም፣ ሲስቅ ግን አፉን አይሸፍንም። የዛሬ ዓመት ተኩል ወደ ሱቄ የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነበር። በሳምንቱ ያንኑ ያሳጠርኩትን ሱሪ እንደገና ያሳጥሩልኝ ብሎ ሲመጣ ነገሩ የሱሪ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጄ ላሪሳ ከሥራ መልስ ወደ ሱቁ ብቅ የምትለው በዚያ ሰዓት ነው። ላሪሳ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የኢንሹራንስ ባለሙያ ናት፤ በረዶ የመታውን ስንዴ አይታ ስንቱ እንደሚተርፍ ትገምታለች፤ በቀላሉ የምትሸነገል ልጅ አይደለችም። እሱን ለመገመት ግን ሦስት ወር ፈጀባት። እንዲህ ሆኖባት አያውቅም።

5. አምና በእኛ በዩክሬናውያን የገና ዋዜማ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን፣ ሬጃን ማዕዳችን ላይ ተቀምጦ እንደ ወጉ የቀረቡትን አሥራ ሁለቱንም የጾም ምግብ አንድ ሳያስቀር በላ። እህቴ ስቴፋ ሆዷ ነገር አይችልም። «አንተ ልጅ፣ ታገባታለህ ወይስ ዕድሜህን ሱሪ ስታሳጥር ልትኖር ነው?» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «እትዬ ስቴፋ፣ ስሜ በድርብ ስፌት የተሰፋ ቀን አገባታለሁ። በየማርቹ ሻንጣ አሸክሜ አላንከራትታትም» አላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ላሪሳ ግን አልሳቀችም፤ ሳህን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ እያጠበች፣ «እማዬ፣ ቀልዱን እኮ አይደለም» አለችኝ።

6. በዚያ ማርች ሬጃን ያልተሸጠው ጎድኑ ተሰብሮ ስለነበር ገዢ ጠፍቶ ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር የአዲሱ የውድድር ዘመን ማሊያዎች ሲመጡ፣ ከቢሮዎ በተላከው ዝርዝር ላይ ከኮርቤይ ስም ጎን «አንድ ዓመት፤ ነጠላ» የሚል ተጽፎ ነበር። በሥራ ብዛትና በዓይኔ መድከም የተነሳ መርፌዬ ተሳስታ በድርብ ሰፋችው።

7. ሬጃን ማሊያውን ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። ስለ ውሉ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አራተኛው ምድብ ላይ ያለ ሰው ስለ ውሉ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ቢሮው ያስታውሰኛል፣ ካስታወሰኝም ይሸጠኛል ብሎ ያምናል። ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ «ክሩ ጠንካራ ነው አይደል?» አለኝ። «ማሊያው ይቀደዳል እንጂ እሱ አይለቅም» አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ የዋሸሁት ነገር የለም። በሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ጣራው የሚያፈስ አሮጌ ቤት ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት ላሪሳን እንድታገባው ጠየቃት፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ እሺ አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን «እማማ» ይለኛል። ሰርጉ ጁን 14 ቀን በዩክሬናውያን አዳራሽ እንዲሆን ተቆርጧል፤ ሁለት መቶ ስልሳ ሰው ተጠርቷል። ስቴፋና የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ድንች በሊጥ እየጠቀለሉ ከወዲሁ ሦስት ሺህ ፔሮጊ ሠርተው በአምስት ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተዋል። የእኔ ማቀዝቀዣ ከሞላ ወዲህ አይስክሬም የሚባል ነገር ቀምሼ አላውቅም።

8. ባለፈው ሐሙስ የትጥቅ ኃላፊው ድዌይን ወደ ሱቄ ገብቶ፣ «ወይዘሮ ኦሪሲያ፣ የክር መፍቻዎን ይሳሉ፤ 27 ሊሄድ ነው» አለኝ። «በማን ነው የሚለወጠው?» አልኩት። በሰው ሳይሆን፣ ወደፊት በአምስተኛው ዙር አንድ ወጣት ለመምረጥ በሚያስችል መብት እንደሆነ ነገረኝ። «ወጣቱ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ኧረ ገና ነው! አሁን አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው» ብሎኝ ሳቀ። ክቡር ሆይ፣ አማቼ ገና ጢም ባላወጣ፣ ስሙ በማይታወቅ ልጅ ሊለወጥ ነው ማለት ነው።

9. በተራ ቁጥር 6 በሰጠሁት ቃል ላይ ማስተካከያ እንዳደርግ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። መርፌዬ አልተሳሳተችም። ዓይኔም ባለፈው ኦክቶበር ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። ዝርዝሩን አንብቤ፣ «ነጠላ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አይቼ፣ የሱቁን በር ቆልፌ በድርብ ሰፋሁት። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ስታጥብ ማየቱን ሆዴ አልቻለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ያደረግኩት ነው፤ ያን ጊዜም አልተጸጸትኩም። አሁን ግን ፈርቻለሁ። ሬጃን ከተሸጠ ቤት የገዛውም ቀለበት ያሰረውም በውሸት ክር ተማምኖ እንደሆነ ይገባዋል፤ ክሩን ማን እንደቋጠረውም ለማወቅ ብዙ አይመራመርም። ላሪሳም ዓይኔን አታይም። እማማ ብሎ ከጠራኝ ገና አምስት ወሩ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

10. ስለሆነም የምጠይቀው ክለቡን የማይጎዳ ነገር ነው።

ሀ) ሬጃን አሁን በዓመት ስልሳ ሺህ ዶላር ይከፈለዋል። አርባ ስምንት ሺህ ተደርጎ ለሦስት ዓመት ይፈረምለት። ይህን ሂሳብ ከራሴ አላመጣሁትም። ላሪሳን «አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ብዙ፣ ለሦስት ዓመት ትንሽ ትንሽ ቢሉት የትኛውን ይያዝ?» ብዬ ጠይቄአታለሁ። «ገበሬዎቼን ብትጠይቂ ሁሉም ሦስት ደህና ዓመት ነው የሚሉሽ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ጠርጠር አድርጋ፣ «ማነው ሰውየው?» አለች። አንዲት ደንበኛዬ ናት አልኳት። ይህችንም ውሸት ከጥፋቴ ጋር ይመዝግቡልኝ።

ለ) ሥራ አስኪያጅን የሚያባርር ረጅም ውል ሳይሆን ረጅምና ውድ ውል ነው። ከክቡርነትዎ በፊት የነበሩት ለአንድ አጥቂ የሰጡት የስምንት ዓመት ውል ዛሬም ይከፈላል፤ ሰውየው ፍሎሪዳ ውስጥ ጎልፍ ይጫወታል። ረጅምና ርካሽ ውል ግን ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ቢከፋ እንኳ ስሙን የምፈታው እኔ ነኝ፤ ለመፍታት አላስከፍልም።

ሐ) ግንባታ ላይ ያለ ቡድን ወጣት ይሰበስባል፤ ይሁን። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች ፓክ ሲመጣ ጉልበታቸውን የት እንደሚያደርጉ፣ ሲሸነፉ አፋቸውን እንዴት እንደሚዘጉ የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። በዚህ ዓመት ይህን የሚያደርገው ሬጃን ነው። ሁለቱን አዳዲስ ልጆች በመኪናው ይዞ ወደ ገበያ የሚወስዳቸው፣ ሥጋ እንዴት እንደሚጠበስ የሚያሳያቸው እሱ ነው። አንደኛው ሱቄ መጥቶ፣ «ሬጃን ከሄደ እኔ ማንን ልጠይቅ ነው?» ብሎኛል። በየዓመቱ አዲስ ሰው ከመጣ፣ የሚያስተምረው ሰው ራሱ መንገድ ጠያቂ ነው የሚሆነው።

11. ከዚህ በታች ያለው ከአቤቱታዬ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለመረጃ ያህል ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ከክለቡ ባለቤት ቢሮ አንድ የክብር ጃኬት መጥቶልኛል። ማርች 20 ቀን በደጋፊዎች እራት ላይ ለክቡርነትዎ የሚሰጥ ሲሆን፣ ደረቱ ላይ ስምዎ ይሰፋበታል። አብሮት የመጣው ማዘዣ የፊደሉን ቁመት፣ የክሩን ቀለምና የስፌቱን ዓይነት ይገልጻል። ስፌቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የሰው ምስጢር ነው። ብቻ ሳነበው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማስታወሻውን ያወጡት ክቡርነትዎ ስለሆኑ ትርጉሙን ላስረዳዎት አይገባኝም።

ሆኖም አይስጉ። ለአቤቱታዬ እሺ ቢሉኝም እምቢ ቢሉኝም፣ ማዘዣው የፈለገውን ቢል፣ ስምዎን በድርብ እሰፋዋለሁ። ስሙ ጠብቆ የተሰፋለት ሰው ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ሬጃን ያን አሮጌ ቤት በገዛ በወሩ መሰላል ተውሶ ወጣና ጣራውን በገዛ እጁ ጠገነው። አሁን አያፈስም።

ማርች 5 ሳይደርስ መልስዎን እየጠበቅኩ፣ ለክቡርነትዎና ለቤተሰብዎ ሰላምና ጤና በመመኘት፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኦሪሲያ ባብዩክ
የክለቡ ማሊያ ሰፊ

አባሪ፦ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ፤ አንዱ በነጠላ፣ አንዱ በድርብ የተሰፋ። ክቡርነትዎ ሁለቱንም በጣትዎ ይሳቡና ይሞክሯቸው።

ግልባጭ፦ ለማንም አልተላከም። ለሬጃን ራሴ በአፌ እነግረዋለሁ፤ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ የሚወስነው የክቡርነትዎ ፊርማ ነው።