የድስቱ ልብስ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ይህን የምጽፍልህ ከፈረቃ ወጥቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ክንዴ ዝሏል፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ። የቢራ ድስትህ ምድጃው ላይ ተጥዷል። ውስጡ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ለምን ውሃ ብቻ እንደማፈላ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

የገዛንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። አንተና ቧንቧ ሠራተኛው ጓደኛህ ግማሽ ቀን ሙሉ ሱቁን አመሳችሁት። አንተ የእያንዳንዱን ድስት ቂጥ በጣትህ እያንኳኳህ "ይሄ ስስ ነው፣ ብቅሉን ያሳርርብናል" ትላለህ፤ እሱ ደግሞ መቅጃ ቧንቧ የሚገጥምበትን ቦታ በስንዝር ይለካል። በመጨረሻ ጭንቅላትህን ትልቁ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ስትከት ባለሱቁ፣ "ጌታዬ፣ ሊያበስሉበት ነው ወይስ ሊተኙበት?" አለህ። እኔም ሃያ ሊትር ለመጥመቅ የሠላሳ ሊትር ድስት ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኩህ።

"ሲፈላ ይቆጣል" አልከኝ። "መቆጫ ቦታ ካልተውሽለት ምድጃው ላይ ይገነፍላል።"

ቢራ ሳትጠምቅበት በፊት ውሃ ብቻ ደጋግመህ አፈላህበት። ውስጡ ሲጠቁር ደስ ብሎህ "አሁን ልብሱን ለበሰ" አልክ። ከዚያ ወዲያ በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ካልሆነ አታስነካውም ነበር። "ልብሱን እንዳታወልቂበት" ስትለኝ፣ "ልብስ ከሆነማ ይታጠባል!" እልህ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ የማጥብ ሰው፣ እድፍ አይቼ ማለፍ የማልችል፣ ሌላ ምን ልበልህ? ሁለታችንም ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር።

ወንድሜ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የመጋዘኑ ባለቤት መጥቶ ሊቀምስ ቀን የቆረጠላችሁ ጊዜ ነው። ቢራው ከጣመው መጋዘኑን ለመጥመቂያ ሊያከራያችሁ ነበር። አንተ ትኩሳት ይዞህ ተኝተሃል፤ በማግስቱ ጓደኛህ ብቻውን ሊጠምቅ ነው። እንግዲህ እኔም በአቅሜ ልርዳቸው አልኩ። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦና በአቼቶ ፈትጌ ፈትጌ ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ አነጣሁት። ደክሞኝ ነበር፤ ግን እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቀኝ።

ቢራው የደረሰ ጊዜ ሰውየው መጥቶ ጎንጨት አደረገና ማጠቢያው ውስጥ ተፋው። "ብረት ብረት ይላል" አለ። ያኔ ጓደኛህን ምን እንዳልከው እኔ ልንገርህ፤ አንተ ረስተኸው ይሆናል። "የሽንት ቤት ቧንቧ ነው የገጠምክበት! እጅህ ከዚያ ሌላ ምን ያውቃል?" አልከው። እሱም ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። እኔ ብርጭቆ የደረደርኩበትን ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቢራውን ከብረቱ የሚጋርደው እኔ የፈተግኩት ጥቁር ልብስ እንደነበር ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንተም ለፋብሪካ ሥራ ብለህ ሄድክ። ይኸው ሁለት ዓመት።

ባለፈው ሳምንት የልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ቧንቧ ፈንድቶ ጠጋኝ ተጠራ። የመጣው እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ሲፈታ ከጀርባው ቆሜ፣ "ድስቱን የፈተግኩት እኔ ነበርኩ" አልኩት። ቀናም አላለም።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"እንዴት አወቅክ?"

"በማግስቱ የጠመቅኩበት እኔ አይደለሁ? እንደ መስታወት ሲያበራ አየሁት። ጥቂት ቀን ውሃ አፍልቼበት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። ቸኮልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ስድብ ዝም ብለህ ጠጣኸው?"

"እኔ መሄጃ ነበረኝ፣ ወጣሁ። አንቺ ግን አብረሽው ነበር የምትኖሪው" አለኝና የመፍቻ ቁልፉን አቀብዪኝ አለ።

እዚያው እርጥብ አንሶላ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እሑድ ቤት መጥቶ ቧንቧውን ከድስቱ ፈታው። ብረቱ ደህና ነው፤ ጎማው ብቻ ደርቋል፣ ቀየረው። በየጥመቃው እየፈታሁ እንዳጥበው፣ ሳይደርቅ እንዳልገጥመው አሳየኝ። ድስቱን ደግሞ እኔው ራሴ አለብሰዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ከታች ጀምሮ እየጠቆረ ነው፤ ጠርዙ ብቻ ቀርቶታል።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ብቅል ይዞ ይመጣል። አንተን ይጠብቅ እንደሆነ አልነገረኝም። ግን ብርጭቆ አውጥቼ ሳጥብ፣ "ሦስት አድርጊው" አለኝ።

ይህን አንብበህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩ ሰው ምን መብት አለኝ? ተቆጣ። ብቻ እዚያ ሆነህ አይደለም፤ እዚህ መጥተህ ተቆጣ። መቆጫ ቦታ ትቼልሃለሁ።

ያንተው አንሶላ አጣቢ
እህትህ